የቁም ሣጥኑ ስኳር

ጌሼ በቁም ሣጥኑ ጥግ፣ ከትንሽ ሳህን ላይ ያየችው ነጭ ነገር ስኳር መስሏት ነበር። በዚያ የባሕር ዳር አገር ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያው ይመስለው ነበር። ሻይ ከመቀዳቱ በፊት ስኒ ውስጥ የሚገባው ጠጠር ስኳር በየቤቱ፣ በየጀልባው፣ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም፤ አልጋና ምድጃ ባለው ቤት-መኪና ቁም ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ምን ያስደንቃል? እንዲያውም ደስ አላት። «የኛው ሰዎች ናቸው፤ አገር ለቀው ሲሄዱ እንኳ ስኳራቸውን አልረሱም» ብላ የሣጥኑን በር ገጠም አድርጋ አለፈች።

ነገሩ የከነከናት ቆይቶ ነው። ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ከተማቱ፣ ሦስተኛው ሻይ ከተጠጣ፣ «በቃኝ» ለማለት ማንኪያዋን ስኒው ውስጥ ካቆመች በኋላ። ያኔ ያ ሳህን ዐይኗ ላይ መጣ። ስኳሩ ደረቅ አልነበረም። ጠጠሮቹ ውኃ ውስጥ ተኝተው ነበር።

ስኳር እንዲያ ውኃ ውስጥ አይዋኝም። እንዲያ የሚዋኘው ክረምቱን ያለ ሥራ በቆመ ጀልባና ቤት-መኪና ውስጥ የሚቀመጠው፣ እርጥበትን ከአየር እየሳበ የሚቀልጠው ጨው ነው። ጨው ደግሞ ያን ያህል ውኃ ከጠጣ፣ የሆነ ቦታ ውኃ ይገባል ማለት ነው። ጣሪያው ያፈሳል። ግድግዳው ውስጡ በስብሷል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

መኪናው ለጌሼ አልነበረም። ለልጇ ለቶምከ ነበር። ቶምከ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በኤምደን ወደብ የጀልባ ሞተር ስትጠግን ቆይታ ሥራዋን ለቃለች። አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዋን፣ በፈረንሳይ አድርጋ እስከ ፖርቱጋል፣ ቢሆንላትም ባሕሩን ተሻግራ እስከ ሞሮኮ ልትዞር ነው። ቤቷ ያ መኪና ሊሆን ነው። እሷ ደግሞ አስም አለባት። አስሙ የጀመራት በአራት ዓመቷ፣ ተከራይተውት በነበረው ምድር ቤት ነው፤ ከአልጋዋ ኋላ ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ አውጥቶ ሳለ ጌሼ ሳታውቅ አንድ ክረምት ሙሉ እዚያው አስተኛቻት። ከዚያ ወዲህ ጌሼ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ ቀድሞ መዳፏ ግድግዳ ይዳብሳል። ዛሬ ግን ያን ሳህን አይታ አለፈችው። ስኳር መስሏት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ሲደርሱ ጭጋጉ ከባሕሩ ግድብ ላይ ተንከባሎ ወርዶ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ግድቡ ላይ የሚግጡት በጎች ከወገቡ በላይ አይታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ ከሰማይ የሚመጣ ይመስላል። ነጩ ቤት-መኪና በወይዘሮ አልሙት ግቢ ውስጥ፣ ውኃ ሸሽቶት ደረቅ ላይ እንደቀረ መርከብ ቆሟል። አልሙት ባሏ ሬመር የሞተባት፣ ሰባውን ያለፈች ሴት ናት፤ መኪናው የእሱ ነበር፤ የምትሸጠው እሷ ናት።

ቶምከ ካፖርቷን አውልቃ ወዲያው ከሥሩ ገባች። ጌሼ የሚታያትን እግር ታነጋግራለች።

«ዝገት አለው?»

«ትንሽ። እኔም አለኝ።»

«ጎማውስ?»

«ጎማው ደህና ይመስላል፣ ግን ዕድሜው ሄዷል፤ ይቀየራል። የሞተሩ ቺንጋ አምና ተቀይሯል። የቦሎው ጊዜም ገና ነው።»

«ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ እምቢ ቢልሽስ?»

«ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ቶምከ!»

«እማዬ፣ እስካሁን በሐሳብሽ ሦስት ጊዜ ገደል ከተሽኛል፣ አንዴ አቃጥለሽኛል። እስቲ ገብተሽ አልጋውን እይልኝ።»

ጌሼ ገባች። ውስጡ ጠባብና ንጹሕ ነበር፤ የሻይ ሽታ፣ ከሻዩም ሥር ደብዘዝ ያለ ሌላ ሽታ ነበረው። ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ሳህኑን አየች፤ ዘጋች። ከዚያ አልጋው ላይ አረፍ ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጭጋጉ በመስተዋቱ በኩል ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያልፋል። እሱ ሲያልፍ መኪናው የሚሄድ መሰላት። ሞተር ሳይነሳ፣ ድምፅ ሳይኖር፣ ግድቡን ተሻግሮ፣ በውኃው ላይ፣ ብርቱካን መንገድ ዳር ወድቆ ማንም ወደማያነሳበት አገር። ዕድሜዋን ሙሉ ከቅርቡ ከተማ ከብሬመን አልፋ አታውቅም። እንዲያ ምን ያህል እንደተቀመጠች እንጃ፤ ብቻ ቶምከ በሩን ስትደበድብ ፊቷ በፈገግታ ተይዞ ነበር። ያ ፈገግታ ነው ያታለላት። እጅ ሲመታ ዝም ያለችውም በዚያው ነው።

አሁን በአልሙት ወጥ ቤት ውስጥ ሦስቱም ተቀምጠዋል፤ አልሙት የሻዩን ማንቆርቆሪያ ልታነሳ ነው። ጌሼ እጇን ዘረጋችና ማንኪያዋን ከስኒዋ ውስጥ አወጣችው።

በዚያ አገር እንዲህ አይደረግም። አንዴ የገባ ማንኪያ አይወጣም። አልሙት ማንኪያውን አየች፤ ጌሼን አየች። ከዚያ ሕጉ እንደሚያዝዘው አንዲት ጠጠር ስኳር ጣል አድርጋ አራተኛውን ሻይ ቀዳችላት። ትኩሱ ሻይ ሲነካው ስኳሩ ተሰነጠቀ።

«አልጨረስንም ማለት ነው» አለች።

«ወይዘሮ አልሙት፣ አይቀየሙኝና፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሳህን...»

«ኧ?»

«ስኳር ነው?»

አልሙት ማንቆርቆሪያውን መልሳ አስቀመጠች። «አይደለም» አለች።

«ጣሪያው ያፈሳል?»

«እማዬ!» ቶምከ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እጅ ተማተናል እኮ!»

እጅ ከተመታ በኋላ የዕቃውን ጉድለት መጠየቅ ሰውን ፊት ለፊት ሌባ ከማለት አይለይም። ጌሼም ታውቃለች። ግን አፏ አልመለስ አላት። «ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?»

«አያፈስም» አለች አልሙት።  ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረችና እዚያው ተወችው።

ጌሼ ተነሳች። የእጅ ባትሪዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ግቢው ወጣች። ከኋላዋ ልጇ «ይቅርታ ያድርጉልን፣ እንዲህ ናት፤ በሰርጌም ቀን ቢሆን መጀመሪያ የሙሽራውን ቤት ግድግዳ ነው የምታንኳኳው» ስትል ሰማች።

መኪናው ውስጥ ገብታ ሁሉንም እንደገና ጀመረችው። ፍራሹን አንስታ ሥሩን ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ማዕዘኖቹን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ጠንካራ ድምፅ ሰጡ። በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው ሲሊኮን አልተነካካም። ተንበርክካ ከወለሉ ጋር የሚገናኘውን የግድግዳ ሥር አሸተተች። ያ የምድር ቤት ሽታ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በሕልሟ የሚመጣው ሽታ፣ የለም።

ባትሪውን ወደ ጣሪያው ስታበራ አየችው። ከምድጃው በላይ፣ እዚያ ላይ ብቻ፣ ጣሪያው በጥቃቅን ጠብታዎች ተሸፍኗል። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል፤ ነካችው፣ ለብ ያለ ነው። አጠገቡ አንድ ስኒ ተገልብጧል። ቀና ስትል ደግሞ የጣሪያው መስኮት የአየር መግቢያ ሁሌም ክፍት መሆን ሲገባው በግራጫ ጨርቅ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተደፍኗል። ቆማ አየሩን በረጅሙ ሳበች። ከሻዩ ሥር የነበረው ሽታ የፒፓ ትምባሆ ነበር።

ውኃው ከውጭ አልገባም። ከውስጥ መውጫ ያጣ እንፋሎት ነው።

ጌሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባትሪውን አጠፋችው። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ወጥታ «ያፈሳል» ብትል ቶምከ ታምናታለች፤ በእርጥበት ነገር እናቷን ያላመነችበት ቀን የለም። የተመታው እጅም ይፈታል፣ መኪናውም ይቀራል። ሌላ እስኪገኝ ክረምቱ ይገባል፣ ወደቡም ሥራዋን ይመልስላታል፣ ገደሉም እሳቱም ይቀራል። ለወራት የጸለየችው ይኸው በመዳፏ ላይ ነው። ማንም አይጎዳም። አንዲት ቃል ብቻ።

ጭጋጉ በመስኮቱ ያልፋል። መኪናው እንደገና መሄድ ጀመረ፤ አሁን ግን እሷን ግቢው ውስጥ ትቶ።

በሩ ተከፈተ። ቶምከ ጭጋጉ ውስጥ ሮጣ መጥታለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል።

«ያፈሳል እንዴ?» አለች። ድምፁ የሞተር ጠጋኝ ሴት ድምፅ አልነበረም፤ የአራት ዓመቷ ልጅ ድምፅ ነበር።

ጌሼ ያን ሲርታ አዳመጠች። ከዚያ «አያፈስም» አለች። «የሻይ እንፋሎት ነው። መድኃኒትሽን ሳቢ።»

አልሙት ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ጌሼ ወደ ተደፈነው መስኮት ቀና ብላ አየች።

«ቤት ውስጥ ብቻዬን ሻይ አይጠጣልኝም» አለች አልሙት። «እዚህ ነው የምጠጣው። ለሰው ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር? መስኮት ከከፈትኩ ደግሞ የባለቤቴ የፒፓ ሽታ ይወጣብኛል ብዬ...»

«ጨርቁስ?» አለች ቶምከ።

«የሬመር ካልሲ ነው።»

ሦስቱም ወደ ካልሲው ቀና አሉ።

«ታጥቧል?» አለች ቶምከ።

«ምን ሲደረግ!»

መጀመሪያ የሳቀችው አልሙት ራሷ ናት። ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቀችና ወንበር ላይ ወጣች፤ ጌሼ ወገቧን ደገፈቻት። ካልሲውን ስባ አወጣችው፤ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ የጣሪያውን መስኮት ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ቀዝቃዛው አየር ወረደ፤ በሩም ክፍት ስለነበር የውስጡ ሽታ በደረጃው በኩል ቀስ ብሎ ወጣ። አልሙት ወንበሩ ላይ እንደቆመች እስከ መጨረሻው ሸኘችው።

«ሂድ እንግዲህ» አለች። «ደርሰህበት የማታውቀው አገር አለ።»

ጌሼ ግን ጌሼ ናት። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ «ዛሬ እዚሁ እናድራለን» አለች። «ማታ ዝናብ አለ ብለዋል። ዝናብ ያላየሁትን ጣሪያ አላምንም።»

«እደሩ» አለች አልሙት። «አንዲት ጠብታ ከወረደች እጃችንን በጀርባው መትተን ውሉን እንፈታዋለን።»

«እኔ ከእማዬ ጋር?» አለች ቶምከ። «ማንኮራፋቷ ያላፈሰውን ጣሪያ ይበሳዋል!»

ራት ከአልሙት ጋር ድንችና በጭስ የደረቀ ዓሣ በልተው ሲመለሱ ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጣት ጣሪያውን ያንኳኳ መሰለ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሰማይ በአንድ ላይ ወረደ። ጌሼ በካልሲዋ ቆማ መዳፏን በመገጣጠሚያው ሁሉ ላይ አሳለፈች። ደረቅ። በመስኮቶቹ ሥር። ደረቅ። የቁም ሣጥኑን ሳህን ደፍታ፣ ጠርጋ፣ አዲስ ጨው አድርጋበታለች፤ ከፍታ አየችው። ጠጠሮቹ እንደ ስኳር ነጭ፣ እንደ ስኳር ደረቅ ናቸው።

ቶምከ አልጋው ላይ ተጋድማለች። ጌሼ መብራቱን አጥፍታ አጠገቧ ጋደም አለች።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ባፈሰ ብለሽ ተመኝተሽ ነበር አይደል?»

ጌሼ ዝናቡን አዳመጠች። «ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«ብዙ። ተኚ አሁን።»

ቶምከ በጨለማው ውስጥ ሳቀች። ከሳቁ ኋላ ሳል ይመጣል ብላ ጌሼ ጠበቀች። አልመጣም። የመጣው ትንፋሽ ነው፤ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ፣ ከዝናቡ ሥር እንደሚሄድ ሞተር። የአልሙት ቤት መብራት በራሰው መስኮት ላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስላል። ግድቡ አለፈ። ሜዳው አለፈ። ስሟን የማታውቃት ከተማ መብራቷን አብርታ አለፈች። ጌሼ መኪናው እንዲቆምላት ሳትመኝ ትንሽ መንገድ አብራ ሄደች።

ከዚያ በሩ ትዝ አላት። ወርዳ ቁልፉን አዞረችው፤ አልያዘም። እንደገና ሞከረች። አልሙት «ከፍ አድርጋችሁ ግፉት» ብላ ነበር። ልታነሳው ስትል እጇ መያዣው ላይ ቆመ። በሚመጣው ወር፣ እሷ በሌለችበት መንገድ ዳር፣ ይህ በር በየማታው ይዘጋል።

«ቶምከ። ተነሺ።»

«ኧረ እማዬ፣ ምን ሆነ? አፈሰ?»

«አላፈሰም። ነይና ቆልፊ።»

«አንቺ እዚያው ቆመሽ የለ?»

«አንቺ ቆልፊው። ልይሽ።»

ቶምከ እያጉረመረመች በባዶ እግሯ መጣች። በጉልበቷ በሩን ከሥር ከፍ አደረገችው፣ በትከሻዋ ገፋችው፣ ቁልፉን አዞረችው። ጌሼ መያዣውን ይዛ አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ሳበችው። ተቆልፏል።