ምቱ ያረፈው ማን ላይ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት ቤቴን በር ዘግቼ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ፣ ሰው ሊገድሉብኝ እየመጡ እንደሆነ አውቅ ነበር። ገዳዩ ፋርማሲስት ነው። ዳኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። የምትሞተው ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ ያለች አንዲት አሮጊት ዘበኛ ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም። እናቴም ስቃ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ሲለኝ ስታይ ግን ተወችው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ አራት ሰዎች ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠረጴዛዬ ዙሪያ ተሰብስበን የተረት ጨዋታ እንጫወታለን። እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንፈጥራለን፤ ጠባዩንና ጉልበቱን ወረቀት ላይ ጽፈን፣ እሱን ሆነን እንናገራለን፣ እንዋጋለን፣ ሲብስም እንሸሻለን። ወንድሜ አገሩንና ጠላቱን ይፈጥራል፣ የሚሆነውንም ይተርካል። ሥራው ቀያሽ ስለሆነ በልብስ ጠመኔዬ ጠረጴዛው ላይ ድልድይ ሲስል እንኳ ስፋቱን በሜትሬ ለክቶ ነው። ማን መታ፣ ማን ሳተ የሚለውን ጠረጴዛው ላይ የምንጥለው ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይሱ ይወስናል። የቀረውን ሁሉ የሚወስነው ደንቡ ነው፤ ደንቡም ወንድሜ በእጁ የጻፈው ወፍራም ደብተር ነው።

የወንድሜ ሚስት የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ለይቶላት ሌባ ሆናለች። ፋርማሲስቱ ወታደር ነው። እኛ “አንቀጽ” ነው የምንለው። ውሃ ጠማኝ ብትሉት እንኳ የትኛው አንቀጽ መጠጣት እንደሚፈቅድላችሁ ሳይነግራችሁ አይቀርም።

የእኔ ዘበኛ መምታት አትችልም። መሮጥም አይሆንላትም። ያላት አንድ ችሎታ ብቻ ነው፤ ከአጠገቧ የቆመ ሰው ሲመታ ጉዳቱን እሷ ትወስድለታለች። የወንድሜ ሚስት “የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ” እያለች ትቀልድባታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሰዎች ዱላ ስቀበል ኖሬ፣ አምና ከአንድ የተቃጠለ ቤተ መንግሥት ውስጥ ካባ አገኘሁ። ካባው በለባሹ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም እንደ ጫጩት እኔ ሥር መሰብሰብ ጀመረ፤ ሞትም ከጠረጴዛችን ጠፋ።

ለምን እንደምወዳት በግልጽ ልናገር። በሥራዬ የምሰፋው ሁሉ በሰው ልክ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሐኪም ጋዎን፣ የሙሽራ ቀሚስ፤ ሁሉም የሌላ ሰው ትከሻ፣ የሌላ ሰው ወገብ ነው። እሷ ግን በእኔ ልክ የወጣች ናት። አንዲት ሴት ጥላኝ እንዳትሄድ ብመኝ እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ድልድዩ ላይ አንድ ግዙፍ ጠላት ወታደሩን በአርባ ጉዳት መታው። ዘበኛዬ ወሰደችለት። ካባው አጋመሰውና ሃያ ሆነ። የሕይወት ነጥቧ፣ እኛ “ነፍስ” የምንለው፣ ሃያ ሁለት ስለነበር በሁለት ተረፈች። እሰይ ብዬ ሳላበቃ ያ ያዳንኩት ሰው ጣቱን አነሳ።

“አንቀጽ አሥራ አራት” አለ። “ልብስ ጉዳት የሚቀንሰው ምቱ ላረፈበት ሰው ነው። ምቱ ያረፈው እኔ ላይ ነው፤ ወደ አንቺ የተሻገረው ጉዳቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ካባሽ አይሠራም። አርባውን ሙሉ ትወስጃለሽ።”

አርባ ማለት ሞት ነው። በእኛ ጨዋታ የሞተ አይመለስም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቆሽቴ አረረ። ለእሱ ብዬ የተቀበልኩትን ዱላ ቆጥሮ ሊገድለኝ! ወንድሜ ፊቴን አየና ክርክሩን ለሳምንት ቀጠረው።

ክርክር ስል በእኛ ቤት ወግ አለው። ድሮ አምስት ነበርን። አምስተኛው ሰውዬና አንቀጽ ስለ አንድ ቀስት ተጣልተው፣ ሰውዬው ወንበሩን ገፍቶ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈ፦ ተከራካሪ የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ይናገር፤ ባላጋራው “አዎ፣ ይኸው ነው” እስኪል ድረስ። ሦስት ዕድል አለው። በሦስተኛውም ካላስማማ ተሸንፏል።

እኔ ዘጠኝ ጊዜ ተከራክሬ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፌያለሁ። አንድም ቀን “አዎ” ተብዬ አላውቅም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቁጡ ነኝ። የባላጋራዬ ሐሳብ አፌ ሲገባ እንደ ኮሶ ይመረኛል፤ ሳልጨርሰው እተፋዋለሁ።

መጡ። አንቀጽ ጃኬቱን አጣጥፎ ወንበር ላይ ሰቀለ፤ እርሳሱን ቀረጸ። ወንድሜ ደብተሩን ከፈተ። ሚስቱ ቀዩን እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ወረቀት ዘረጋች፤ ቅዳሜም ቢሆን ካላረመች አይሆንላትም።

“በይ እህቴ፣” አለ ወንድሜ፣ “የእሱን ተናገሪ።”

“የእሱማ ምን ይናገሩታል!” አልኩ። “ዘበኛዬ ከወታደሩ በለጠችበት፤ ቀናና ደብተር ገለጠ። ይኸው ነው።”

“አይደለም” አለ አንቀጽ ቀስ ብሎ። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ምን ነበረበት? ይህ እርጋታው ነው ጨጓራዬን የሚልጠው።

“አንድ” አለ ወንድሜ።

የወንድሜ ሚስት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገችኝ። ምላሴን ዋጥኩና ደንቡን እንደ ፊደል ቆጣሪ በቃሌ ደረደርኩት፦ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ምት ያረፈበት፣ ልብስ፣ የተሻገረ ጉዳት፣ አርባ። አንቀጽ ራሱን ነቀነቀ።

“ቃሉን አልሽ፤ ምክንያቱን አላልሽም። እኔ እኮ ይህን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም።”

“ሁለት” አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ሲቀንስ ተሰማኝ። እሱም እኮ ይወዳታል፤ የመጀመሪያዋን ቀን ስፈጥራት ጎኔ ተቀምጦ ነበር።

አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ። ያኔ አንቀጽን ቀና ብዬ አየሁት፤ በእውነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆጣ አየሁት። የደከመው ሰው ነው። ስድስት ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ቆሞ የሰው መድኃኒት ሲቆጥር ይውላል፤ በአንድ ፍሬ እንኳ መሳሳት አይፈቀድለትም። ቅዳሜ የሚመጣው የፈለገውን ያህል ሊሳሳትና ሊፈራ ነው። እኔ ደግሞ ፍርሃቱን ወስጄበታለሁ።

“እሺ” አልኩ። “አንቀጽ የሚለው እንዲህ ነው። ካባው ከመጣ ወዲህ ጨዋታው ሚዛኑን ስቷል። ማንም አይሞትም፤ ስለዚህ ማንም አያስብም። ጠላት ምንም ያህል ቢገዝፍ ዘበኛዋ አለች ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔም አይቼዋለሁ። ባለፈው ወር ዘንዶው ሲመጣብን እኔ ከጠረጴዛው ሥር የሰኞ ዩኒፎርም ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር።”

የወንድሜ ሚስት በሳቅ አፏን ያዘች። አንቀጽ አልሳቀም፤ እርሳሱን አስቀመጠ።

“ስለዚህ” ብዬ ቀጠልኩ፣ “ማዳን ዋጋ ሊኖረው ይገባል ነው የሚለው። ምት መጀመሪያ የሚያርፈው በታለመበት ሰው ላይ ነው። እዚያ የሚቆጠረው የዚያ ሰው ልብስ ነው...”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የዚያ ሰው ልብስ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ! ሃያ ዓመት ሰው በበር ሲገባ መጀመሪያ የማየው የለበሰውን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን የራሴን ካባ ብቻ ሳለቅስለት ከረምኩ። ፊቴ እንዳያስታውቅብኝ ጠመኔ አንስቼ እያገላበጥኩ ጨረስኩት፦

“...ከዚያ የተረፈው ጉዳት ብቻ ነው ወደ ዘበኛዋ የሚሻገረው። ዘበኛዋም የራሷን ልብስ አትቆጥርም፤ ምክንያቱም ምቱ እሷ ላይ አላረፈም።”

አንቀጽ ትክ ብሎ አየኝ።

“አዎ፣ ይኸው ነው” አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ “እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ አልተናገርኩትም” ሲል ጨመረ።

ዘጠኝ ክርክር፣ ሦስት ዓመት፣ አንዲት “አዎ”! ተነሥቼ መጨፈር አማረኝ፤ ግን ገና ነበር።

“እሰይ!” አለ ወንድሜ። “አሁን የራስሽን ተናገሪ።”

“የራሴ የለኝም ጋሼ። በእሱ ተስማምቻለሁ።”

“ምን?” አለች ሚስቱ። “አንቺ ልጅ፣ ትሞቻለሽ እኮ!”

“አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ እትዬ። ምቱ ሲያርፍበት ወታደሩ ምን ለብሶ ነበር?”

አንቀጽ ወረቀቱን በእጁ ሊሸፍን ቃጣው፤ መሸፈን ግን አይችልም፣ ሁላችንም እናውቃለን። የብረት የጦር ልብሱን፣ ጥሩሩን ለብሶ ነበር። ሁለት ዓመት ዋሻ ለዋሻ ተንከራትቶ ያገኘውን፣ በወረቀቱ ጥግ ላይ በቀለም እርሳስ የሳለውን፣ ሲያልፍ ሲያገድም የሚያሞግሰውን ጥሩር።

“ጥሩር ስንት ይቀንሳል?” አልኩ።

“ሃያ አምስት” አለች የወንድሜ ሚስት፤ ቀዩ እስክሪብቶ መሮጥ ጀምሯል። “አርባ ሲቀነስ ሃያ አምስት፣ አሥራ አምስት። ሃያ ሁለት ሲቀነስ አሥራ አምስት... ሰባት! በራሷ ካባ ሁለት ነፍስ ነበር የሚቀራት። በአንቀጽ ትርጉም ሰባት ቀራት!”

“ቆይ፣ ቆይ” አለ አንቀጽ። “እንዲህ ከሆነ እኔ ያልኩት...”

“‘አዎ፣ ይኸው ነው’ ብለሃል” አለው ወንድሜ፤ ጥርሱ በሙሉ ታየ። “አንቀጽ፣ አንድ ነገር አስታውሰኝ እስቲ። ጥሩር በከባድ ምት ምን ይሆናል?”

ምስኪን! አመሉ ቀደመው። ሳያስብ፣ እንደ ጸሎት ወጣው፦ “አንቀጽ ሃያ አንድ፤ በአንድ ምት ከሠላሳ በላይ የተቀበለ ጥሩር ይሰበራል።” ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው።

“ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው!” ብላ የወንድሜ ሚስት ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው፤ ዳይሱ ዘለለ። ወንድሜ በሳቅ ደብተሩ ላይ ተደፋ። እኔ ደግሞ ተነሥቼ ቆምኩ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳልል እልል አልኩ። አላፈርኩም። ዘጠኝ ሽንፈት ስውጥ ማንም በፊቴ እልልታውን ቆጥቦ አያውቅም።

የአንቀጽ ጆሮ ቀላ። እንደ አምስተኛው ሰውዬ ወንበሩን ይገፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ላጲሱን አነሳ። ያንን በቀለም የሳለውን ጥሩር ራሱ፣ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ አጠፋው፤ ብናኙንም እፍ አለው። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ በኋላ በሆዱ።

“ሚዛን ፈልጌ ነበር፤ ይኸው ሚዛን” አለ። “ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ የሚሸሸግ ሁሉ በራሱ ልብስ ይከፍላል ማለት ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ቀድሜ ባስበው ጥሩ ነበር እንጂ።”

“አስበኸዋል እኮ” አልኩት። “እኔ ጨርሼ ተናገርኩልህ እንጂ።”

ወንድሜ ትርጉሙን በደብተሩ ጻፈ፤ አራታችንም ፈረምንበት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና የዳኛ ድምፁን አወጣ። “ድልድዩ ላይ ነን። ጥሩሩ ተሰባብሮ ወንዝ ገባ። ጠላት ዱላውን እንደገና እያነሳ ነው፤ ዓይኑ ወታደሩ ላይ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?”

“እኔ ከእሷ እርቃለሁ” አለ አንቀጽ። ወደ እኔ ዞረ። “አሁን ቢመታኝ የሚቀንስልሽ ነገር የለም። አርባውን ሙሉ ትወስጃለሽ፤ ያለሽ ሰባት ነፍስ ነው።”

አውቃለሁ። ማንም ሳይነግረኝ ቆጥሬዋለሁ። ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር የምቆጥረው ቁልፍም አልነበረም። እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

“የትም አትሄድም” አልኩት። “ከአጠገቤ ቁም።”

ቆመ። ዳይሱን አንስቼ በወንድሜ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት።

“ጣል” አልኩት።