ለኑሪ ማን ይንገረው

“ለኑሪ ተነገረው?” አለች ጸሐይወርቅ።

ባሏ ይልማ ተቀብሮ ለቀስተኛው ገና እጁን መታጠቡ ነበር። ግድግዳው ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ቀና ስትል፣ ሴቶቹ ውሃ የፈለገች መስሏቸው ብርጭቆ አቀረቡላት። በእጇ መለስ አደረገችው።

“የትኛው ኑሪ?” አለች ጎረቤቷ ከበቡሽ።

“ስንት ኑሪ አለን? የይልማ ኑሪ ነዋ!”

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ኩማ በሩ ላይ ቆመው ንፍሮ ይዘግኑ ነበር። “እሱ ታስቦበታል፤ አንቺ አታስቢ” አሉ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ካላሰበ ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል እንጃ። ያም ሆኖ ጸሐይወርቅ አመነቻቸው፤ ድንኳኑንም መቃብሩንም ያስጨረሱት እሳቸው ነበሩ።

ኑሪ እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ የቤት ዕቃ ሱቅ ያለው የይልማ ወዳጅ ነው። በዚያ ሳምንት የወንድሙን ልጅ ሊድር ወደ ስልጤ ገጠር ሄዷል። ሞባይል በሀዋሳ ሰው ኪስ ሁሉ እየገባ የነበረበት ጊዜ ቢሆንም፣ እሱ ባለበት መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ተወጥቶ ነው። ኑሪ ደግሞ ኮረብታ የሚወጣበት ልብ የለውም። ሐኪም ልብህ ደክሟል ካለው ወዲህ፣ በየማለዳው ሐይቁ ዳር ቀስ እያደረገ የሚያራምደው ይልማ ነበር።

ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ይሰማታል።

“ጨው አይበላ፣ አይጠጣ፣ በእግሩ ሲሄድ የሚውል ሰው! ታዲያ ምን ገደለው?”

“ቀኑ ነዋ።”

እውነት ነው፤ ይልማ ጤና ጤና ሲል ኖሮ፣ ለዚያው ለጠዋት እርምጃው ጫማውን ሲያስር ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ቀረ። ጸሐይወርቅ እየቀለደ መስሏት “ተነስ እንጂ፣ ኑሪ እየጠበቀህ ነው” ብላው ነበር። ኑሪ ከተማ ውስጥ አለመኖሩን እንኳ ረስታው።

ይልማ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ የሲዳማን ገጠር በእግሩ አዳርሶታል። ሰውንም በዚያው ዓይን ነበር የሚያየው። ጸሐይወርቅ ራሴን አመመኝ ካለችው ውሃ መጠጣቷን ይጠይቃል፤ ከዚያ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ገልጦ ያያል።

“ደም አላነሰሽም።”

“እኔ ላም ነኝ?”

“ላም ብትሆኚማ እንዲህ አትነጫነጪም ነበር።”

እሱንና ኑሪን ያገናኛቸው ወሬ ነው። የፖለቲካ ወሬ አይደለም፤ እሱን በዚያ ዘመን ግራ ቀኝ እያዩ የሚያወሩት ሌሎች ነበሩ። የእነሱ ወሬ የጉማሬ ላብ ለምን እንደሚቀላ፣ ዝሆን መዝለል ይችል እንደሆነ፣ ባሕር ማዶ አንዱ ለድመቱ ቤት አወረሰ ስለመባሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ሁለት በርጩማ ይወጣል። አንዱ ከጋዜጣ፣ አንዱ ከሬዲዮ የለቀመውን ያቀርባል። ማን የባሰ ጉድ እንዳመጣ የኑሪ ልጅ ሱልጣን ይፈርዳል፤ የተሸነፈው ሻይ ይጋብዛል።

አንድ ቀን ይልማ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ የሚውሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች እግራቸው የነጣው ሙቀት ለማብረድ የራሳቸውን ኩስ ስለሚለቁበት ነው ብሎ ተናገረ። ኑሪ አላመነም። ሱቁን ለልጁ ትቶ ግማሽ ቀን ሙሉ ከአሞሮቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጠበቀ። ማምሻውን በይልማ ቤት ደጅ ደርሶ፣ “ወላሂ እውነት ነው! አደረገው!” ብሎ ሲናገር ደስታው የተሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር። ጸሐይወርቅ ያን ቀን “ሁለት ሽበታሞች፣ አታፍሩም?” ብላ ተቆጥታቸዋለች። አሁን ያ ቁጣዋ ራሱ ናፈቃት።

ለኑሪ መርዶ እንዲህ የምትጨነቀው ያለ ነገር አይደለም። ይልማ የእናቱን ሞት የሰማው ገበያ መሃል ነው። በተጋቡ ሰሞን አለታ ወንዶ ከብት ሲከትብ አንድ ያገሩ ሰው በዚያ ሲያልፍ አየው። ሰውየው ይልማ የሰማ መስሎት “እግዜር ያጽናህ” አለው። “በምን?” አለ ይልማ። “በእናትህ… አልሰማህም እንዴ?” አለ ሰውየው። ይልማ ባለከብቶቹ ከሩቅ መጥተዋል ብሎ ተሰልፈው የቆሙትን በሬዎች ሁሉ ከትቦ ጨረሰ። ማታ ቤቱ ሲገባ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ ብዙ ቀን አልተመለሰለትም። ከዚያ ወዲህ መርዶ ሲነሳ ንግግሩ አንድ ነው፦ “ሰው ቁጭ ብሎ፣ የሚወደው ሰው ጎኑ ሆኖ ነው መስማት ያለበት። ከብት እንኳ ሲታረድ ቢላዋ አያሳዩትም።”

ጸሐይወርቅ ለባሏ ልታደርግለት የምትችለው የመጨረሻ ነገር ይኸው ብቻ እንደሆነ ተሰምቷታል። ለኑሪ በወጉ ካልተነገረው ይልማን ራሱን የበደለችው ያህል ነው።

በሣልስቱ ድንኳኑ ፈረሰ። እድርተኛው ሸራውን ሲጠቀልል ሱልጣን አንድ ሳጥን አምቦ ውሃ አሸክሞ ገባ።

“አባትህ ሲሰማ እንዴት ሆነ?” አለችው።

ሱልጣን ክው አለ። “እናንተ አልነገራችሁትም እንዴ?”

“እኛ?” አሉ አቶ ኩማ። “ልጁ አንተ እያለህ?”

“ልጅ ለአባቱ መርዶ ይነግራል እንዴ ጋሽ ኩማ? ሽማግሌ ነው እንጂ! እኔማ መቼ ይልካሉ ብዬ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።”

ሸራ የሚጠቀልሉትም እጃቸውን ሰበሰቡ። አጥፊ ተፈልጎ ጠፋ፤ እድሩ ልጁን አክብሮ፣ ልጁ እድሩን አክብሮ፣ ኑሪ በመሃል ተረስቷል።

“ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ነበር የሚባለው” አለች ከበቡሽ። “እናንተ ወሬውንም መላውንም በላችሁት!”

ጸሐይወርቅ ከፍራሿ ተነሳች። ከቀብሩ ወዲህ ሳይደግፏት ስትነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። “ፒያሳ ሲደርስ አንዱ መንገደኛ እግዜር ያጽናዎት ቢለውስ? ያ ልቡ ይችለዋል? በይልማ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይሞት! እግዚአብሔርን አልፈራችሁም?” ብላ ጮኸች። ከዚያም በንዴት ሳይሆን ለይልማ አለቀሰች።

ኑሪ በማግሥቱ በአውቶቡስ እንደሚመለስ ሱልጣን ያውቅ ስለነበር ምክር ተያዘ። አቶ ኩማ፣ ሱልጣንና የሰፈሩ ሼህ መናኸሪያ ቆመው ይጠብቁታል። ምንም እንዳልተፈጠረ መስለው ቤቱ ይወስዱታል። እህል ይቅመስ፣ መድኃኒቱን ይዋጥ፣ ጫማውን ያውልቅ፤ ከዚያ ሼሁ ይንገሩት። ሁሉንም በዝርዝር ያዘዘችው ጸሐይወርቅ ናት።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ሦስቱ ወደ መናኸሪያ ወረዱ። የጸሐይወርቅ ሰፈር ታቦር ፀጥ ብሏል። ከበቡሽ ፍራሹ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ጸሐይወርቅ ለዓይኗ ውሃ ብጤ ልትረጭ ወደ ግቢው እንደወጣች፣ ባጃጅ ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆመ።

“ይልማ! ኧረ ይልማ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!”

የኑሪ ድምፅ ነው። አውቶቡሱ እስኪሞላ መታገሥ አቅቶት በጭነት መኪና መጥቷል፤ ቤቱ እንኳ ሳይገባ።

“ዛሬ አለቀልህ! ጋዜጣ አይደለም፣ ሬዲዮ አይደለም፣ በእጄ ይዣት ነው የመጣሁት! ስትፈለፍል የኖረች ሴት ዶሮ፣ እንደ አውራ ትጮኻለች! የወንድሜ ሚስት ሟርት ነው ብላ ልታሳርዳት ስትል ቀማኋት። ሀኪሟ ሀዋሳ ነው ያለው፣ እሱ አይቶ ይናገር አልኳቸው። ይልማ!”

ጸሐይወርቅ በሩ ጋ ደርሳ መወርወሪያውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሱልጣን ጋ ትደውል ቢባል ስልኩ ቤት ውስጥ ነው፤ እስክትመለስ ድረስ ደግሞ አንዱ ጎረቤት በመንገድ ያልፋል። ከፈተችው ማለት ነገረችው ማለት ነው፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ለብሳለች።

“ማን ነው እሱ፣ ጸሐይ ነሽ? ክፈቺ እንጂ! ተኝቷል እንዴ? ሰውን ተራመድ ተራመድ እያለ እሱ ቀን ይተኛል?”

“እንዴት… እንዴት አድርጋ ነው የምትጮኸው?” አለች፤ ድምፅዋን እንደምንም ገርታ።

“አጥር ላይ ወጥታ ነዋ! አንገቷን እንዲህ አስግጋ! አናቷ ላይ ያለው ኩክኒዋ ቀልቶ ብታዪው! ደግሞ ሌሎቹን ዶሮዎች ታባርራለች…”

እሱ ሲያወራ እሷ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ ሰማችው። በሀዋሳ ውስጥ ይልማ ያልሞተበት ሰው ይኼ አንድ ሰው ነበር። ትንሽ፣ ጥቂት ብቻ፣ እንዲሁ እንዲቆይላት ፈለገች። ወዲያው መንገዱ ላይ የሰው ኮቴ ሰማች። መወርወሪያውን ሳበች።

ኑሪ ዶሮዋን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ታቅፎ እየሳቀ ቆሟል። ነጠላዋን አየ። ከኋላዋ፣ ግቢው ውስጥ፣ ገና ያልተመለሱትን የእድር አግዳሚዎች አየ።

“ማነው?” አለ። “እናትሽ ናቸው?”

ጸሐይወርቅ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

“ዶሮዋን ስጠኝ፣ ጋሼ ኑሪ።”

“ለይልማ ነው ያመጣኋት” አለ፤ አጥብቆ ያዛት።

“አውቃለሁ። ስጠኝ።”

ቀስ ብሎ ለቀቀላት። ዶሮዋን ክንፏን ሰብስባ ከብብቷ ሥር አስገባቻት። በሌላው እጇ ክንዱን ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ አግዳሚው ላይ አስቀምጣው፣ ትከሻዋን ከትከሻው አስጠግታ አጠገቡ ተቀመጠች።