ጋቢና የተሳፈረው እንቅልፍ

«ግፊው፣ በሩን ግፊው» እያልኩ እህቴ ላይ እጮሃለሁ። ከውጪ የሚገፋው የአባታችን እንቅልፍ ነው። ጉልበቱ ይህን ያህል አይደለም፣ ግን አይሰለቸውም። ሙነራ በትከሻዋ ደግፋ፣ እኔ በእግሬ ተጭኜ፣ ዛሬስ አይገባም ብለን እየታገልን ነው። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል።

«ሰውዬውን አስገቡት እንጂ» አለ። «ሰው በር ላይ ይቆማል እንዴ?»

እንቅልፉ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ። ፊቱን አይተኸው ዞር ስትል ይጠፋብሃል። ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ ጭራሽ ተናግሮ አያውቅም።

አባባ ጉልምስናውን የጨረሰው የእህል መጋዘን ሲጠብቅ ነው፣ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ። ያኔ እንቅልፉ ጠዋት ከሥራ አብሮት ይመጣል፣ ቀኑን እኛ ቤት ይውላል፣ ሲመሽ አብሮት ይወጣል። እኔና ሙነራ ያደግነው በሹክሹክታ ነው። ጎረቤት ሚስማር ሲመታ እናታችን ሄዳ ትለምን ነበር። አባባ ጡረታ ሲወጣ እናታችን በሕይወት አልነበረችም። እንቅልፉ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ጠዋት መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ሙነራ ትልቅ ሰው ቆሞ ማየት አልሆነላትም፣ ዱካ አቀረበችለት። መጋረጃውን ጋረደችለት። ኳስ የሚጫወቱትን የሰፈር ልጆች ያባረርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲህ አድርገን ቤተኛ አደረግነው።

ችግሩ፣ እንቅልፉ ሲወጣ ባዶ እጁን አይወጣም። ካፖርቱ ሥር የሆነ ነገር ሸጉጦ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የመስጊዱን መንገድ ወሰደ። ቀጥሎ የሶላት ሰዓቱን፤ አባባ ነጋ ብሎ ሱብሂ ሊሰግድ ሲነሳ ሰዉ ከከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት እየተመለሰ ነበር። ከዚያ የእናታችንን መልክ። ሌሊት ሌሊት አባባ ዱላውን ይዞ ጠባቧን ግቢያችንን ሲዞር ያነጋል። ባለፈው እሁድ ሙነራን «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» አላት። እሷ ወጥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና የሱ መሆኗን ነገረችው። እኔን አሁንም ያውቀኛል። እንቅልፉ ስሜን ገና አልወሰደም።

አባባን ጤና ጣቢያ ወስደነው ነበር። ስለ ባለካፖርቱ ሰውዬ ስንነግራት ሐኪሟ አልገረማትም፣ ብዙ ሽማግሌዎች ቤት ይመጣል አለች። ቀንና ሌሊቱ ተዘበራርቆበታል፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ያግኘው፣ ይንቀሳቀስ፣ ቀን አታስተኙት፣ መኝታና መነሻውም ሰዓት ይኑረው አለችን። ይሻለዋል ወይ ስላት፣ የሄደው መመለሱን እንጃ፣ የቀረውን ጠብቁ አለች።

እና በሩን የታገልንበት ቀን ሙነራ ይዛው ስትቀር እኔ አባባን በጓሮ አወጣሁት። ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ የታክሲ ረዳት ነኝ፤ ሌላ የማውቀው ቦታ የለኝም። ወስጄ ጋቢና፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። ሹፌሩ ጉልላት አየት አደረገኝና ዛሬ አለቃ ሾምክብኝ ብሎ ሳቀ።

ዘዴው ሠራ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ታርፋለች፣ እሱ መንገደኛ ይቆጣል፣ ከጉልላት ጋር ይከራከራል። ከሰዓት በኋላ አውርጄ ትንሽ በእግሩ አንሸራሽረዋለሁ። አጠገቡ ለሚቀመጥ ሁሉ «ያ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ነስሩ ይባላል፣ ልጄ ነው» ይላል። ከኢሻ ሶላት በኋላ ይተኛል፣ ሲነጋ ይነሳል። ቤት ደግሞ እንቅልፉ ቀን ቀን እየመጣ ባዶ አልጋ ያያል፣ ዱካው ላይ ትንሽ ይቀመጣል፣ ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። ይህን የነገረችኝ ሙነራ ናት። አሳዘነኝ ሁሉ አለች።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መሳለሚያ ነን፣ ሰዉ ታክሲ አጥቶ ይጋፋል፣ እኔ ኮልፌ፣ ኮልፌ፣ አንድ ሰው እያልኩ እጣራለሁ። ጋቢና፣ አባባ ጎን፣ አንድ ቦታ ቀርታለች። አንዲት ሴትዮ ከሰልፉ መሃል፣ ረዳት፣ ትልቅ ሰው ዝናብ ላይ ቆመው አይታይህም ወይ አለችኝ። ሌሎቹም ደገፏት። ቀና ብዬ አላየሁም። እንደ ልማዴ ክርናቸውን ይዤ ደገፍኳቸው፣ «አባባ፣ ጠጋ በልላቸው» አልኩ። በሩን ዘጋሁ። ካፖርቱን ያየሁት በመስታወቱ ነው።

ጉልላት ነድቶ ነበር። ሮጬ የኋላው በር ላይ ተንጠለጠልኩ። አቁም አልኩት፣ የዝናቡ ድምፅ ዋጠኝ። የአባባ ራስ ካኪው ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ዘንበል ሲል ከኋላ ይታየኛል። ሰውዬው እንዲመቸው ትከሻውን ዝቅ አደረገለት።

መንገድ ሲዘጋጋ ታክሲው ቆመ። እንቅልፉ ከፍቶ ወረደ፣ አንድ እጁን ካፖርቱ ውስጥ እንደሸጎጠ በመኪኖቹ መሃል ተሻገረ። እኔ ዞሬ ወደ ጋቢናው ደረስኩ። አባባ ነቅቷል። ጉልላት «ነስሩ፣ በሩን ዝጋው እንጂ» ብሎ ተጣራ።

ከመንገዱ ማዶ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ዞር ብሎ «አቤት» አለ። ድምፁ የኔ ነው።

አባባ የረጠበ እጅጌዬን በሁለት ጣቱ፣ በትህትና ነካ አደረገኝ።

«ረዳት፣ ወራጅ አለ። ትንሽ ልጅ ቤት ብቻውን ትቼ ነው የመጣሁት።»