የመውደቅ ጨዋታ

ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ወደቀ። እናትየው ከመኝታ ክፍል እየሮጠች ወጣች።

«ማንኪያ ነው» አለ ባሏ ጎንበስ ብሎ እያነሳው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ!»

«አንተ ቀልድ!»

ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውጣለች፣ ሆኖም አንዳንዴ ይጥላታል። እናትየው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። መሥሪያ ቤቷ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ውጭ አገር ሊልካት ነው፤ ልጅ ይዞ መሄድም ተፈቅዷል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው መንገድ ላይ ነው፣ ልጅቷን ለእሱ ትታ መሄዷ አይታሰብም። ወይ ይዛት ትሄዳለች፣ ወይ ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል። ኃላፊዋ መልሷን የሚጠብቀው ነገ ነው።

«ውሰጃት በቃ» አለ ባሏ።

«እዚያ ብትወድቅስ? ቋንቋ አታውቅ፣ ሰው አታውቅ። ከበው ሲያዩዋት ይታየኛል።»

«እዚህስ ማን ያውቅላታል?»

«መምህርቷ አለች።»

ከቤት ውጭ የነገረችው ለመምህርቷ ብቻ ነበር። ልጅቷንም «ይስቁብሻል፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላታለች።

በማግስቱ ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን ተክላ የአንድ ሕመምተኛ ደም ስትመረምር ቆጠራው ሁለቴ ጠፋባት። ሦስተኛውን ቆጠራ ከመሀል አቋረጠችው። የሰው ውጤት ከማበላሽ ብላ ሥራውን ለባልደረባዋ አስረከበች፤ ከዚያም ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መምህርቷን ልታማክር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

«መምህርቷማ ወልዳ ቤቷ ናት» አላት ዘበኛው። «ሁለት ሳምንት ሆናት እኮ፣ አልሰሙም?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጇን የሚያውቅላት ሰው አልነበረም ማለት ነው።

የእረፍት ሰዓት ነበር። ከክፍሎቹ ጀርባ ልጆች ክብ ሠርተው ይስቃሉ። መሀላቸው ድንቡሼ የሚሉት ወፍራም ልጅ መሬት ላይ ተዘርሮ ይንፈራገጣል። ልጇ ከአጠገቡ ቆማለች። እናትየው ደሟ ፈላ፤ ልጁን በክንዱ ጎትታ አስነሣችው።

«በሰው ሕመም ትቀልዳለህ? አሳዳጊ የበደለህ!»

«እትዬ፣ ተ... ተራዬ ሆኖ ነው!»

«እማ፣ ልቀቂው!» አለች ልጇ በኀፍረት። «እኔ ነኝ ውደቅ ያልኩት። እየተለማመድን ነው።»

«ምኑን?»

«ሲጥለኝ በጎን ማስተኛቱን ነዋ፣ ሐኪሙ እንዳሳየን! ባለፈው ስወድቅ ይቺ አፌ ውስጥ እስኪርቢቶ ልትከት ነበር።»

«ምላሷን እንዳትነክስ ብዬ ነው» አለች አንዲት ቀጭን ልጅ።

«ባለፈው?» አለች እናትየው። «መቼ ነው የወደቅሽው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ሰኞ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እናትየው ሰኞ ማታ ያደረጉትን ለማስታወስ ሞከረች። ራት በልተዋል፣ ልጇ የቤት ሥራዋን ሠርታለች። እሷም ምንም ሳታውቅ ተኝታለች።

«ከሄድንስ?» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ለልጆቹ በምን ቋንቋ ትነግሪያቸዋለሽ?»

የልጅቷ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ እናትየው አየች። ፈሪዋ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነበር።

«ቋንቋ ለምኑ?» አለ ድንቡሼ ሱሪውን እያራገፈ። «እኔ ምን ተናግሬ ወደቅኩ? እትዬ ይወድቃሉ፣ አንቺ ታሳዪያቸዋለሽ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጇ ግን አልሳቀችም፤ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት።

እናትየው ጋዋኗን ሰብስባ አቧራው ላይ ተጋደመች። ትናንሽ እጆች ትከሻዋንና ዳሌዋን ይዘው በጎኗ አዞሯት። አንዱ ሹራቡን አጣጥፎ ከጭንቅላቷ ሥር ከተተላት።

«አፏን አትንኩ!» ስትል ልጇ ሰማቻት፤ ይህን ድምፅ ቤት ውስጥ ሰምታው አታውቅም። «ትተነፍሳለች? እዩ!»

ተነሥታ ጋዋኗን አራገፈች። ከግቢው ወጥታ ለኃላፊዋ ደወለች።

«ከልጄ ጋር እንሄዳለን።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ? እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«ፈርቼ ነው» አለችው። «ግን እንሄዳለን።»