የታረቀኝ መተንፈሻ

«አጠገቡ ተኝታ ነው አሉ። ሲሞት አልሰማችም።»

«ኧረ ተይ!»

«እውነቴን ነው። ነግቶ ስትነካው ቀዝቅዟል።»

ሁለቱ ሴቶች ከድንኳኑ ጥግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር የሚንሾካሾኩት። ነጠላ ግን ድምፅ አያግድም፤ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ሠርካዲስ ቃል በቃል ሰማቻቸው። ቀና አላለችም። ከጎኗ የነበሩት አማቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ግን ቀና አሉ።

«እናንተ! ልቅሶ ልትደርሱ ነው የመጣችሁት ወይስ ልትመረምሩ? አሥራ አራት ዓመት ልጄን ስታስተነፍስ የኖረች እሷ ናት። እኔ የወለድኩት አንዴ ነው፤ እሷ በየሌሊቱ ነው የወለደችው።»

አሮጊቷ የሠርካዲስን እጅ ስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ታረቀኝ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ታረቀኝ የማተሚያ ቤት መካኒክ ነበር፤ ደረተ ሰፊ፣ አንገተ አጭር። ሲያንኮራፋ የሠፈሩን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል እየተባለ ይሳቅበት ነበር። ሠርካዲስን የሚያስፈራት ግን ማንኮራፋቱ አልነበረም፤ ማቆሙ ነው። በመሃል ድርግም ይላል። ትንፋሽ የለም። እሷ ጨለማው ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች። ሲዘገይባት በክርኗ ጎኑን ትጎስመዋለች፤ ከባሕር እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይመለሳል። ቀን ቀን እሱ ማተሚያው ሥር ቁጭ ብሎ ያንጎላጃል፣ እሷ ስፌት መኪናዋ ላይ።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት መሥሪያ ቤቱ ለስድስት ወር ሥልጠና ጀርመን አገር ላከው። እዚያ አብሮት የሚያድረው ሠልጣኝ ማንኮራፋቱን መቻል ቢያቅተው ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሲመለስ ትንሽ ሻንጣ የሚያህል ሣጥን ይዞ መጣ። ረጅም ቱቦና አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብል ነበረው።

«ይኼን አድርጌ ነው የምተኛው» አላት እያፈረ። «ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ አየር ይገፋልኛል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕድሜ ልክ ነዋ።»

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ሣጥኑ እንደ ቡታጋዝ ይጮኻል። ከጭምብሉ የሚያመልጠው ነፋስ ማጅራቷን ያቀዘቅዘዋል። ሲገላበጥ ቱቦው ፊቷ ላይ ይወድቃል። ኋላ ግን ለመዱት፤ ሣጥኑንም አለመዱት። ቦታ ተለዋወጡና እሱ በግድግዳው በኩል ሆነ። ቱቦውን በራስጌ አሳልፋ በጨርቅ ምስማር ላይ አንጠለጠለችው። ሣጥኑን የታጠፈ ጋቢ ላይ ብታስቀምጠው ጩኸቱ ረገበ። የጭምብሉን ማሰሪያ ፈትታ በለስላሳ ጥጥ ብትሰፋው ነፋሱ ማምለጡን ተወ። በወሩ ያ ድምፅ ካልተሰማት እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ታረቀኝ ሥራ ላይ ማንጎላጀት ቀረለት። እሁድ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ነቅቶ ተኝታ ሲያያት ያገኘችው ጊዜ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ አድረው፣ አብረው የተኙት ግን ያኔ ነው።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ግዛቸው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ሣጥኑ የሬዲዮ መገናኛ ነው ተብሏል። ሠርካዲስ የሐኪሙን ደብዳቤ አወጣች።

«በጀርመንኛ ነው የተጻፈው» አለ ግዛቸው። «ማን ያነበዋል? ለበላይ አካል ይቀርባል።»

ታረቀኝን ሁለት ቀን አስረው ለቀቁት። ሣጥኑን ግን አልለቀቁም። በየጠዋቱ ደብዳቤውን ይዛ ቀበሌ ሄደች፤ በየጠዋቱ «ነገ» አሏት። ዐሥራ ሰባት ሌሊት ራስጌውን ተደግፋ፣ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ አነጋች። በዐሥራ ስምንተኛው ደከማት። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ጣፈጣት። ስትነቃ ፀሐይ ወጥቷል።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ግዛቸው ገባ። ቆቡን አውልቆ «እግዜር ያጥናችሁ» አለና የያዘውን ሣጥን ሠርካዲስ ፊት አስቀመጠ።

«ተመርምሯል። የሕክምና ዕቃ ሆኖ ስለተገኘ ተመላሽ ተደርጓል። ተረካቢ ከሚለው ላይ ፈርሚልኝ።»

ጭምብሉ ውስጡ እንዲታይ በምላጭ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ወይዘሮ ወለተማርያም በጉልበታቸው ተነሡ። «በሥላሴ ይዤሃለሁ! ልጄን ማነው የጠቆመው?»

ግዛቸው የሰዉን ዓይን አየ። ሁሉም እሱን ነበር የሚያየው። ፋይሉን ገለጠ።

«በእኛ አያሳቡ፣ እናቴ። የውጭ ሰው አልጠቆመውም። ከገዛ ቤቱ የወጣ ቃል ነው።» አነበበላቸው፦ «ባለቤቱ እንደተናገረችው፣ ግለሰቡ ፊቱ ላይ ቱቦ ሰክቶ ሌሊቱን ሙሉ ከውጭ አገር ጋር ሲነጋገር ያድራል።»

ሠርካዲስ ወዲያው አወቀችው። በዚያ በመከራው ሳምንት፣ የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ እንቅልፍ አጥታ ቆማ ሳለ ጎረቤቷ የዓለምወርቅ «ምነው ከሳሽ?» ብላት ነበር። እሷም በሳቅ፣ ልክ እንደዚሁ፣ መለሰችላት። የዓለምወርቅም እስክታነባ ሳቀች። ከቀብሩ ጀምሮ ከድንኳኑ ያልወጣች፣ ከሁሉ ጮኻ ያለቀሰችም እሷው ነበረች።

«ቀልድ ነበር እኮ፣ የዓለም» አለቻት።

የዓለምወርቅ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። «ቀበሌ ጠርተው ጠየቁኝ። ልጆች አሉኝ። ያልሽውን ነው የነገርኳቸው። አላልሽም?»

ሠርካዲስ አማቷን አየች፤ ከዚያ ሰዉን።

«ብያለሁ» አለች።

ወይዘሮ ወለተማርያም አላለቀሱም፤ አልተራገሙምም። ቀስ ብለው ብቻ፣ «ክርንሽን ደከመው» አሉ። «ምላስሽን ግን አልደከመውም።»

ግዛቸው እስክሪብቶ አቀበላት። ፈረመች። ወረቀቱን እፍ ብሎ አደረቀና ወጣ።

አሮጊቷ ትራሳቸውን ከፍራሹ አነሡ። ድንኳኑን አቋርጠው ሄደው ከየዓለምወርቅ ጎን ቦታ ፈለጉ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ለቀቁላቸው። ትራሳቸውን አስተካክለው፣ ጀርባቸውን ለሠርካዲስ ሰጥተው ጋደም አሉ።

ፍራሹ ላይ እሳቸው የነበሩበት ሥፍራ ሰርጉዶ ቀርቷል። ሠርካዲስ መዳፏን እዚያ ላይ አሳረፈች። ሙቀት ነበረው። እስኪበርድ ድረስ እጇን አላነሣችም።