የተጨናነቁት ጠብታዎች

ዙልፊያ ስሌቱን ከሥሩ ጀምራ ብትደግመውም ያው ያንኑ መለሰላት። በረዶው መጣል ከጀመረ ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ትውላለች፣ ዓይኗ ቀልቶ ቤቷ ትገባለች፣ ጠዋት ስትመለስ ያው መልስ ተጎልቶ ይጠብቃታል። መልሱ ትክክል ነበር። የከበዳትም እሱ ነው።

በሩሲያዋ ካዛን ከተማ ባለው ቤተ ሙከራቸው የሚያጠኑት አውሮፕላን ሞተር ውስጥ የሚረጨውን ነዳጅ ነው። ነዳጁ እንደ ጉም ደቅቆ፣ በሚናወጥ ትኩስ አየር መሃል ገብቶ፣ እሳቱ ጋ ሳይደርስ መትነን አለበት። በምን ፍጥነት እንደሚተን የሚናገረውን ቀመር ያወጡት መምህሯ ኒያዝ ሐሊሎቪች ናቸው። አየሩ በተናወጠ ቁጥር ጠብታው ቶሎ ይተናል ይላል ቀመሩ። ዙልፊያ የተመረቀችውም ያስተማረችውም በሱ ነው።

አሁን ግን ጠብታዎቹን አንድ በአንድ እየተከተለች ስታሰላ ሌላ ነገር አየች። የአየሩ ሽክርክሪት ጠብታዎቹን ከመሃሉ እየወረወረ ዳር ላይ ያጭቃቸዋል። በተጨናነቁበት ቦታ አየሩ ትነቱን ይጠግብና ሌላ አልቀበል ይላል። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ተደራርቦ እንደተሰጣ ልብስ፣ እዚያ ያሉት ጠብታዎች ሳይተኑ ይቆያሉ።

በቀመሩ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው የሞተር ማቃጠያ ደግሞ በቅርቡ ሊሞከር ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሪናት ውጤቱን አይቶ ጺሙን አሻሸ።

«ሙከራው እንዲቆይ እኔ እጠይቃለሁ» አለ። «ለሽማግሌው መምህርሽ ግን አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን ይወዱሻል።»

«ስለሚወዱኝ እኮ ነው የጨነቀኝ።»

«እንግዲያው ተይው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ላይሰሙም ይችላሉ።»

«ይሰማሉ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔ ቢሰሙት ይሻላል።»

እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው ሳኒያ አፓ፣ እትዬ ሳኒያ እንደማለት ነው፣ ወተት የገባበት ሻይ እንዲሁም ሥጋና ድንች ያለበት ትኩስ ቂጣ አቀረቡ። ኒያዝ ሐሊሎቪች መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላበጡ።

«ጠብታዎችሽ ስላነሱ ነው» አሉ።

«ጨምሬም አይቻለሁ።»

«ሽክርክሪቱን በደፈናው ወስደሽዋል።»

«ትንሿን እንኳ አልተውኩም፣ ኒያዝ ሐሊሎቪች።»

«ኮምፒውተር ያጎረሱትን ነው የሚያመነዥከው። እኔ ይሄን ቀመር ያገኘሁት እሳት ፊት ቆሜ፣ ቅንድቤን አስበልቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

መልሷን ሳይጠብቁ ወረቀቱን ወደሷ ገፋ አድርገው «ሻይሽን ጠጪና ሂጂ» አሉ።

ሳኒያ አፓ በር ድረስ ሸኟት። «አይክፋሽ ልጄ። ሲደክመው ነው እንዲህ የሚናገረው።»

«እኔም እኮ ደክሞኛል፣ ሳኒያ አፓ» አለች።

ከዚያ በኋላ መሥራቱን አላቆመችም፣ ነገር ግን ልቧ አብሯት አልነበረም። አንድ ጠዋት የክፍሉ በር ሲከፈት ቀና ብላ አየች። ኒያዝ ሐሊሎቪች በረዶ ያዘለ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አሳንሰሩ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ደረጃውን በእግራቸው ነው የወጡት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ የባርኔጣቸውን በረዶ አራገፉ።

«አሳዪኝ» አሉ በመጨረሻ።

ወንበሯን ለቀቀችላቸው። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው አንዷን ጠብታ ተከተሉ። ጠብታዋ ተሽከረከረች፣ ተወረወረች፣ ከብዙዎቹ መሃል ገብታ ቀረች። ሌላ መረጡ። እሷም እንደዚያው ሆነች።

«የኔ ነዳጅ መርጫ ያኔ ደካማ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ጠብታዎቹ ተራርቀው ነበር የሚሄዱት። ሲጨናነቁ የማየት ዕድል አላገኘሁም።»

«ለሚራራቁት እኮ ቀመሩ ዛሬም ልክ ነው።»

«አታባብይኝ፣ ሕፃን አይደለሁም። እስከየት እንደሚሠራና ከየት ወዲያ እንደማይሠራ በግልጽ ጻፊ።»

«ጽሑፉ ላይ ስምዎን ከስሜ ጋር ላስገባ?»

«አስገቢ እንጂ። እኔ በሌለሁበት ቀመሬን ልትጥዪው ነው?»

ዙልፊያ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ስትሸኛቸው በየደረጃው መታጠፊያ ቆም እያሉ አረፉ። «ስወጣ ተናድጄ ስለነበር ርዝመቱ አልታወቀኝም» አሉ ግድግዳውን ተደግፈው። ከታች ሳኒያ አፓ ታክሲ ይዘው ይጠብቁ ነበር።

ሙከራው ተላለፈ፤ ሞተር ሠሪዎቹም ስልክ እየደወሉ አጉረመረሙ። ኋላ መርጫዎቹን አራርቀው አዲስ ማቃጠያ ነደፉና እንድታሰላላቸው ላኩላት። ዙልፊያ ተቀብላ ለነገ አስቀመጠችው። በዚያ ቀን ግን ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ ገና ሳይመሽ ቤቷ ገብታ ተኛች።