ቆሞ መለመን

የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍልን ስረከብ ሰባት መምህራን ነበርን፤ ዛሬ እኔና ብርቱካን ብቻ ቀርተናል። አንዱ አዲስ አበባ ድርጅት ገባ፣ አንዱ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ አገር ለቀቀ፣ ሌላው ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ያዋጣዋል ይላሉ፤ ይመቸው። የሄዱትን ሰዎች ክፍለ ጊዜ ሁሉ የምንሸከመው እኔና እሷ ነን። እውነቱን ልናገር፣ ደክሞኛል።

ማስታወቂያ አወጣን፤ ማንም አልመጣም። ደግመን አወጣን፤ ያመለከተው አንድ ሰው መንገዱ ሰላም አለመሆኑን አጣርቶ ቀረ። በዚህ ዓመት ግን ይታየው አመለከተ። የአይከል ልጅ ነው፣ ዶክትሬቱን በቅርቡ የጨረሰ። የሙከራ ትምህርት ሊሰጥ ሲጀምር መብራት ጠፋና ፕሮጀክተሩ ሞተ። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ ጠመኔ አንሥቶ ቀጠለ። ከኋላ ወንበር ሲያንቀላፉ የሚውሉት ሳይቀሩ እጃቸውን እያወጡ ይከራከሩት ጀመር። ብርቱካን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይኼ ካመለጠን እኔም እሄዳለሁ» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም። ኮሚቴው ያለ አንድ ተቃውሞ መረጠው፤ የቀረው የኔ ፊርማ ነበር። ፊርማውን ለሰኞ አሳደርኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሦስት ሽማግሌዎች ከደጄ ቆመው አገኘሁ። የይታየው ቤተሰብ ከአይከል ልኳቸው ነው። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ።

«የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» አሉ መሪያቸው፣ አያ አዳሙ።

የገባኝ መሰለኝ። ልጃችን ይቀጠርልን ሊሉ ነው። አማላጅ በጣም እጠላለሁ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ተቆጥቼ እመልሳቸው ነበር። ግን ነገሩ ያለቀ ነው፣ እነሱም አዛውንት ናቸው፣ እኔም ምሳዬን አልበላሁም።

«አባቶቼ፣ የመጣችሁበትን ፈቅጃለሁ፤ ቃሌ ነው። አረፍ በሉ» አልኩ።

ተቀመጡ። እኔንም ቤቴንም መረቁ። ከዚያ አያ አዳሙ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «የላከችን እናቱ ወለተሩፋኤል ናት» አሉ። «ታላቅዮውን በዚሁ በፖለቲካ ጣጣ ቀብራለች። ይኼኛው እንኳ ይትረፍልኝ፣ አይቅጠሩብኝ ነው የምትል። ሸጋ ሰው ነዎት፤ ሳያደክሙን ፈቀዱልን።»

ሳይጠሩት አቤት ማለት ይኼ ነው። ቃሌን ልጠፍ? ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል አጥፌ በማን ሰርግ፣ በማን ለቅሶ ነው ከሰው ጋራ የምቆመው?

ሰኞ ሳልፈርም ይታየውን ቢሮዬ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ከሙከራ ትምህርቱ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ ከኮቱ እጅጌ አራገፈ።

«ቃልዎን ልትፈታልዎ የምትችል እናቴ ናት» አለኝ። «እኔ ባናግራት ታለቅሳለች እንጂ አትሰማኝም። እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

ብርቱካንም ብትሄድ ምን እንደምሆን አሰብኩና እሺ አልኩ። ቅዳሜ በሚኒባስ አይከል ሄድን። ይታየው የሰፈራቸውን ቄስና አንድ ጎረቤት ለምኖ አቆመልኝ።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ከል እንደለበሱ ተቀበሉን። ተቀመጡ አሉን።

«ካልፈቀዱልን አንቀመጥም» አልኩ፤ ጉልበቴ ግን ገና ከሚኒባሱ ስወርድ ጀምሮ ይለምነኝ ነበር።

ደህና አድርጌ ተናገርኩ። አስተማሪ ስላጡት ተማሪዎች፣ ስለ ልጃቸው ተሰጥኦ፣ አዋቂ ሁሉ ፈርቶ ዝም ካለ አገር ምን እንደሚሆን። ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይደግፉኛል። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ልጅ አለዎት?» አሉኝ።

«አለችኝ። ዳግማዊት ትባላለች። ፋርማሲ ታጠናለች።»

«ሸጋ። ራሷ መርጣ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። አብረውኝ የቆሙት ቤቴን አያውቁም።

«የለም» አልኩ። «እሷስ የኔን ትምህርት ነበር የምትፈልገው።»

«ምነው ታዲያ? ማን ከለከላት?»

«እኔ።»

አልሳቁብኝም፣ አልወቀሱኝም። መደቡን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና፣ «ደክሞዎታል፤ አረፍ ይበሉ» አሉኝ።

ይታየው በሩ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያያል። ሳይፈቀድለት የተቀመጠ ሽማግሌ ልመናውን ተወ ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ተቀመጥኩ።